ሚጡዬ፣ መጀመሪያ አስመዝኚ

አዳማ፣ ኅዳር 2017

ልጄ ሚጡዬ፣ የጌታ ሰላም ይብዛልሽ።

እንዴት ነሽ? ብርዱስ? ጋቢሽን አልጋሽ ላይ ጥለሽው ነው የሄድሽው። በሰው ልኬልሻለሁ። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትይ አውቃለሁ። በስልክ ስናወራ አንቺ ትቸኩያለሽ፣ እኔ ሆድ ይብሰኛል፣ ከዚያ ካርዱ ያልቃል። ይሄን ግን ቁጭ ብለሽ እንድታነቢው ፈልጌ ነው።

ወሬው የደረሰኝ እሁድ ነው። ከአምልኮ ስንወጣ ያቺ አብራሽ የምትማረው ልጅ እናት ጥግ ይዛ አስቆመችኝ። "ልጅሽ ጸጋ በዝቶላታል አሉ" አለችኝ። ደስ ሊለኝ ሲል ፊቷን አየሁት። ከዚያ ቀሪውን ነገረችኝ። ፌሎ ላይ፣ በክርስቲያን ተማሪዎች ኅብረታችሁ፣ ለአንድ ወንድም ትንቢት ተናግረሻል። መሪዎቹ "ቆይ፣ አብረን እንጸልይበት" ሲሉሽ ተቀይመሻል። አሁን አምስት ሆናችሁ ቅዳሜ ማታ ለብቻችሁ ትሰበሰባላችሁ። የቴሌግራም ቻናልም ከፍታችኋል። ይሄን ሁሉ ቻልኩት። የመጨረሻውን ግን መቻል አቃተኝ። የሚጥል በሽታ ያለባትን ልጅ "ተፈውሰሻል" ብለሻት ኪኒኗን አቁማለች አለችኝ።

እውነት ነው?

እውነት ከሆነ ይሄን ወረቀት እዚህ ጋ አስቀምጪና ተነሺ። ልጅቷ ጋ ሂጂ። "ተሳስቻለሁ፣ ይቅር በይኝ" በያት። ከዚያ ይዘሻት ክሊኒክ ሂጂ። ስንት ቀን እንዳቋረጠች ለሐኪሙ ንገሩት፤ እንዴት እንደምትቀጥል እሱ ያውቃል። ያ ኪኒን በድንገት ሲቆም በሽታው ብሶ ሊነሳ ይችላል። የምትተኛው ከላይኛው አልጋ ከሆነ ዛሬውኑ ወደ ታች አውርዷት። ማታ ብቻዋን አትተዋት። እግዚአብሔር ፈውሷት ከሆነ ምርመራው ምን ያስፈራል? ጌታ ራሱ ለምጻሙን ካነጻው በኋላ "ሂድ፣ ራስህን ለካህን አሳይ" ነው ያለው።

ሄደሽ ተመለስሽ? እሺ። አሁን እናውራ።

እኔ ጸጋ የለሽም እያልኩ አይደለም። ስምንት ዓመትሽ ሳለ የጎረቤታችንን ሠራተኛ አይተሽ "እማ፣ ይቺ ልጅ አዝናለች" ያልሽኝ ዛሬም ከፊቴ አይጠፋም። ሁላችንም በየቀኑ እናያት ነበር፤ ማንም ልብ አላላትም። ጠርተን ስንጠይቃት እናቷ ከሞተች ሦስት ሳምንት ሆኗታል። አንቺ የሰው ልብ ይታይሻል። ያንን የሰጠሽ እሱ ነው፤ እኔም ስላንቺ ሳመሰግነው ኖሬአለሁ። "መንፈስን አታጥፉ፣ ትንቢትን አትናቁ" ይላል ቃሉ። እዚያው ቀጥሎ ደግሞ "ሁሉን ፈትኑ፥ መልካሙን ያዙ" ይላል። አንዱን ይዘሽ ሌላውን መጣል አይሆንም። ቃል ሲመጣልሽ አስመዝኚ፣ ልጄ። መጀመሪያ አስመዝኚ።

እማማ ሽንኩርትን ታውቂያታለሽ። ያቺ ሳሎን ግድግዳ ላይ ባለው ፎቶ ነጠላዋን አጣፍታ የቆመችው። ስለ እሷ ስንት ጊዜ አጫውቼሻለሁ። ያልነገርኩሽ አንድ ነገር አለ። የሚያውቀው አባትሽ ብቻ ነበር፤ እሱም ይዞት ወደ ጌታ ሄደ።

ቤተ ክርስቲያናችን መሠረተ ክርስቶስ በጥር 1974 በደርግ ስትዘጋ እኔ 16 ዓመቴ ነበር። ንብረቷ ተወረሰ፣ መሪዎቻችን ታሰሩ። ከአራት ዓመት በላይ ነው ያለ ፍርድ የቆዩት። እኛ በየቤቱ ሆንን። የኛ ቡድን ሰባት ሰው ነበር፤ ረቡዕ ረቡዕ እማማ ሽንኩርት ቤት እንገናኛለን። አንድ በአንድ ነው የምንገባው፣ አሥር አሥር ደቂቃ እየቆየን። ጫማ በር ላይ ማውለቅ ክልክል ነው፤ ሰባት ጥንድ ጫማ ያየ የቀበሌ ሰው መጠየቁ አይቀርም። እሷ ጫማችንን ተቀብላ ሽንኩርት ጆንያ ውስጥ ትከታለች፤ ጆንያውን አልጋ ሥር ትገፋዋለች። ቡና ይፈላል። ሰው ድንገት ከገባ ቡና እየጠጣን ነው። መጽሐፍ ቅዱሱም የሚውለው ሽንኩርቱ ውስጥ ነው። ያ ያባትሽ መሳቢያ ውስጥ የነበረው፣ ጀርባው የተገነጠለው። ለዓመታት ስገልጠው ሽንኩርት ሽንኩርት ይል ነበር።

መዝሙር የምንዘምረው በትንፋሽ ነው። ከንፈር ብቻ ይንቀሳቀሳል።

መድረክ የለ፣ ማይክ የለ። ስለዚህ ሁሉም ማገልገል ነበረበት። አንድ ልብስ ሰፊ ወንድም ቃሉን ያስተምረናል። አንድ ልጅ መልእክት ያደርሳል። አንዷ እህት ለታሳሪ ቤተሰብ እህል ታሰባስባለች። እኔ ደግሞ ቃል የሚመጣልኝ ነበርኩ። "ይቺ ልጅ ላይ ጸጋ አለ" ሲሉ እሰማለሁ፤ ሰምቼ እንዳልሰማ እሆናለሁ። እማማ ሽንኩርት ማንበብ አትችልም። ጮክ ብላም አትጸልይም። እኔ በልቤ "ምስኪን፣ እሷ እንኳ ምንም ጸጋ የላትም፤ ቡና ታፈላልናለች" እል ነበር። ይሄን ስጽፍልሽ እጄ ይንቀጠቀጣል።

ከመሃላችን የአንዷ እህት ባል ታስሮ ነበር። ሦስት ልጆች አሏት። በ1977፣ ፋሲካ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ እየጸለይኩ ሳለ "ይፈታል" የሚል በልቤ መጣ። ይሄው ነው የመጣልኝ። ለእማማ ጓዳ ገብቼ ነገርኳት። ቡናውን እየቆላች ነበር። ቀና ሳትል "ለሷ ከመናገርሽ በፊት ለሁላችን ንገሪን፤ አብረን እንየው" አለችኝ። "እኔ ሽንኩርት እንኳ ሳልመዝን ለሰው አልሰጥም።" እኔ ግን ማን ናት እሷ አልኩ። በማግስቱ ሴትየዋ ቤት ብቻዬን ሄድኩ። ፊቷን ሳየው ሆዴ ተላወሰ። "ለፋሲካ ይፈታል" አልኳት።

ልብ በይ፣ ሚጡዬ። የመጣልኝ "ይፈታል" ነው። ፋሲካን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ሐዘኗ ስላሳዘነኝ ጨመርኩ። ደግሞ ሲሆን ሰው እንዲያደንቀኝ።

ሴትየዋ ተበድራ ዶሮ ገዛች። የባሏን ኮት አውጥታ አጠበች፣ ተኮሰች። ቅዳሜ ጠዋት ሦስቱንም ልጆች ይዛ እስር ቤቱ በር ላይ ቆመች። እስከ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት። ትንሹ ልጅ ኮቱ ላይ ተኝቶ እንደነበር ሰው ነገረኝ። አልተፈታም። ፋሲካ ጠዋት በደጃፏ ሳልፍ ዶሮው እንደታሰረ ነበር። አላረዱትም።

ሰውየው ከሁለት ዓመት በኋላ ተፈታ። ታዲያ እኔ ምን አተረፍኩ? እነዚያ ልጆች "እግዚአብሔር ዋሸን" ብለው ያለቀሱበትን ፋሲካ ማን ይመልስላቸዋል?

ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ወር ከሰው ተደበቅኩ። ረቡዕ መሄድ አቆምኩ። እማማ ሽንኩርት ግን ረቡዕ ረቡዕ ከገበያ ስትመለስ በራችን ላይ ትቆማለች። ሦስት ራስ ሽንኩርት እጄ ላይ ታስቀምጣለች። "ዛሬ ረቡዕ ነው" ትላለች። ትሄዳለች። ሌላ ቃል የለም፣ ወቀሳ የለም። አሥራ አንድ ወር ሙሉ፣ አንድም ረቡዕ አልዘለለችም። አንድ ቀን ተከትያት ሄድኩ። ጫማዬን ተቀብላ ጆንያው ውስጥ ከተተች።

ያችን እህት ግን ይቅርታ አልጠየቅኳትም። ቡድን ውስጥ ፊት ለፊት እንቀመጣለን፤ ዓይኗን ማየት ያቅተኛል። በኋላ ወደ ድሬዳዋ ሄዱ። አንድ ጊዜ ልብሴን ለብሼ መናኸሪያ ድረስ ሄጃለሁ፤ አውቶቡሱን እያየሁት ተመለስኩ። በ1996 መሞቷን ሰማሁ። አባትሽ "ጌታ ይቅር ብሎሻል" ይለኝ ነበር። አውቃለሁ። ግን እሷን አልጠየቅኳትም።

ለዚህ ነው "ይቅር በይኝ" ብለሽ ሂጂ ያልኩሽ። ነገ አይደለም። ዛሬ።

ቃል ሲመጣልሽ አስመዝኚ። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች "ነቢያትም ሁለት ወይም ሦስት ሆነው ይናገሩ ሌሎችም ይለዩአቸው" ብሎ ነው የጻፈው። ነቢይ አይናገር አላለም። ሌሎች ይለዩ አለ። እነዚያ "ቆይ" ያሉሽ ልጆች ጠላቶችሽ አይደሉም። ሚዛንሽ ናቸው። ምናልባት አነጋገራቸው ሻካራ ነበር፤ ገና ልጆች ናቸው፣ እነሱም እየተማሩ ነው። አንቺም እልኸኛ ነሽ፤ ከማን እንደወረስሽው አውቃለሁ።

አንደኛ ቆሮንቶስ 12ን፣ 13ን፣ 14ን በአንድ ቁጭታ አንብቢ፤ ሳትቆራርጪ። 13ን ሁሉም ሰው ለሠርግ ያነበዋል። "ፍቅር ይታገሣል ቸርነትም ያደርጋል" ሲባል እኛ የምናስበው ሙሽሮችን ነው። የተጻፈው ግን በጸጋ ስጦታ ለሚፎካከሩ ሰዎች ነው። አንዱ በልሳኑ ይኮራል፣ ሌላው ይከፋዋል፤ በጌታ እራት ላይ እንኳ አንዱ ሲራብ ሌላው ይሰክር ነበር። ለነሱ ነው የጻፈው። ከዚያ 12፥28ን አጥብቀሽ እዪ። ሐዋርያት፣ ነቢያት፣ አስተማሪዎች እያለ ይቆጥራል። ፈውስን ይጠቅሳል። ከፈውስ ቀጥሎ "እርዳታንም" ይላል። ከልሳን በፊት ነው ያስቀመጠው። እኔ ይሄን ቁጥር ስንቴ እንዳነበብኩት አልቆጥርም፤ እማማ ሽንኩርት እዚያ ውስጥ እንዳለች ያየሁት ግን እሷን ከቀበርናት በኋላ ነው።

ደርግ ወድቆ በ1983 በሮች ሲከፈቱ ጉድ ነው ያልነው። ስንዘጋ አምስት ሺህ ገደማ ነበርን። ስንወጣ ከ30 ሺህ በላይ ሆነናል። ማን ሰብኮ? ፖስተር የለጠፈ ሰው አልነበረም። ሰባት የነበረው ቡድን አሥራ አራት ሲሆን ለሁለት ይከፈላል፤ ያኛውም ሲሞላ እንደገና ይከፈላል። በየቤቱ ደግሞ አንዲት ጫማ የምትደብቅ ሴት ነበረች። እናንተ በቁጣ ተለያይታችሁ አምስት ሆናችሁ። ያ መከፈል እንደዚህ አይደለም፣ ልጄ። እኛ ስንከፈል ተላቅሰን፣ ተመራርቀን ነበር የምንለያየው።

አሁን የማዝሽን ስሚ። ቻናሉን ዝጊው። መሪዎቹ ጋ ብቻሽን ሄደሽ ተነጋገሪ፤ አራቱን አስከትለሽ አትሂጂ፣ ሠልፍ ይመስላል። ይሄ ሴሚስተር እስኪያልቅ ለማንም "ጌታ እንዲህ አለ" አትበይ። የመጣልሽን ቀን ጽፈሽ ደብተር ላይ አስቀምጪ፤ ለሁለት ከአንቺ ለሚበልጡ ሰዎች አሳዪ። ወንበር የሚደረድሩት እነማን ናቸው? ከነሱ ጋር ደርድሪ። የታመመ ተማሪ ካለ ምግብ ውሰጂለት። ያንን የሰው ልብ የሚያይ ዓይንሽን እዚያ ተጠቀሚበት። ዝም ያለችዋን ልጅ፣ ጥግ የተቀመጠውን እዪ። ማንም "ነቢይት" ብሎ ቢጠራሽ ደስ አይበልሽ።

ደግሞ እየጾምሽ፣ ሌሊት እንቅልፍ እያጣሽ ነው ብላኛለች ያቺ የጓደኛሽ እናት። ብዪ እንጂ! በባዶ ሆድ የሚመጣ ሁሉ ከላይ አይደለም። ፈተናሽም እየደረሰ ነው። መማርሽም አገልግሎት ነው፤ የከፈልኩት የእናቴን የእጅ አምባር ሸጬ ነው፣ ታውቂያለሽ።

ተቆጣሁ አይደል? ሆዴ፣ ስለምወድሽ ነው። አንቺ እኔን መሆንሽ ነው ያስደነገጠኝ። ያንን ድፍረት፣ ያንን ችኮላ ሳየው የራሴን የ19 ዓመት ፊት በመስታወት ያየሁ መሰለኝ። እኔን የምትመልስ ሴት ነበረችኝ። አንቺ እዚያ ማን አለሽ? ከሌለሽ ፈልጊ። ቃል ከሚመጣላቸው መሃል አትፈልጊ፤ ቡና ከሚያፈሉት መሃል ፈልጊ። አግኝተሻት "ቆይ" ስትልሽ ደግሞ ቆዪ። መጀመሪያ አስመዝኚ።

እቃው በጎረቤታችን ልጅ እጅ ነው፤ ሐሙስ ይደርሳል፣ መናኸሪያ ሄደሽ ተቀበዪው። ጋቢሽ አለ። ሁለት ኪሎ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሽሮ አለ። ሽሮው በርበሬ በዝቶበታል፣ በጥቂቱ ተጠቀሚ። ዳቦ ቆሎውን አብዝቼ ያደረግኩት ለመሪዎቹም እንድትሰጪ ነው። ለመታረቅ ባዶ እጅ አይኬድም። ጋቢው ውስጥ ጠቅልዬ ያባትሽን መጽሐፍ ቅዱስ ልኬልሻለሁ። ጀርባውን በፕላስተር አጣብቄዋለሁ፤ ቀስ ብለሽ ግለጪው።

ስለ ልጅቷ ዛሬውኑ ጻፊልኝ። ረጅም አያስፈልግም። "ኪኒኗን ጀመረች" ብቻ በዪኝ። እስኪደርሰኝ ስልኩን ከእጄ አላስቀምጥም።

እናትሽ