ሰርቨሩ ሥራ ፈትቶ “ሎድ 120” የሚለው ለምንድን ነው?

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን
አዳማ

ጉዳዩ፦ በቴሌግራም የሚደርሳችሁን የሎድ ማስጠንቀቂያ ይመለከታል

ሰርቨራችሁን ገጥመን የምንከታተልላችሁ ሆቴሎች፣ ፋርማሲዎች፣ ትምህርት ቤቶችና የሒሳብ ቢሮዎች፣ በቅድሚያ ሰላምታችን ይድረሳችሁ።

ሰሞኑን የሚደወልልን ስልክ አብዛኛው አንድ ዓይነት ነው። “ቢሮው ተቆልፎ ነው ያደረው፣ ማንም አልነካውም፤ ጠዋት ስንገባ ሎድ መቶ ምናምን ይላል። ቫይረስ ነው? ሰው ገብቶብን ይሆን?” ትሉናላችሁ። ከመደወላችሁ በፊት ማጥፊያውን የተጫናችሁም አላችሁ። ይህ ደብዳቤ በተለይ ለእናንተ ነው።

ሎድ መቶኛ አይደለም፤ የፕሮሰሰሩን ድካም ብቻ የሚለካም አይደለም። ሊኑክስ (ሰርቨራችሁን የሚያሠራው ሲስተም) ይህን ቁጥር የሚያወጣው ሁለት ዓይነት ፕሮሰሶችን፣ ማለትም በሥራ ላይ ያሉ ፕሮግራሞችን፣ አንድ ላይ ደምሮ ነው፦ ፕሮሰሰር ይዘው የሚሠሩትን ወይም ተራ የሚጠብቁትን፣ እንዲሁም ከዲስክ መልስ እስኪመጣላቸው ባሉበት የደረቁትን። ባንክ ሄዳችሁ “ሲስተም የለም” የተባላችሁበትን ቀን አስቡ። አዳራሹን ሰው ሞልቶታል፣ ከመስታወቱ ወዲያ ያሉት ሠራተኞች ግን እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። በር ላይ ቆሞ ሰው ብቻ የሚቆጥር ዘበኛ “ዛሬስ ሥራ በዝቶባቸዋል” ቢል አይፈረድበትም። ሎድም የሚቆጥረው እንደዚያ ዘበኛ ነው።

ይህ ታስቦበት የተደረገ ነው። እስከ 1993 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ሊኑክስ የሚቆጥረው ፕሮሰሰር የሚፈልጉትን ብቻ ነበር። በዚያ ዓመት ማቲያስ ኡርሊክስ የተባለ ፕሮግራመር ዲስክ ጠባቂዎቹም እንዲቆጠሩ የሚያደርግ ማስተካከያ አቀረበ። ፈጣኑን ዲስክ አውጥታችሁ በቀርፋፋ ብትተኩት ማሽኑ ይንቀራፈፋል፣ በድሮው አቆጣጠር ግን ሎዱ ጭራሽ ይወርዳል፤ ይህ ደግሞ ሰው ከሚጠብቀው ጋር ይጋጫል የሚል ነበር ክርክሩ። እኛም እውነት አለው እንላለን። ነገር ግን እዚያው ማሽኑ ውስጥ ያለን ዲስክ መጠበቅ በጤናው ጊዜ ከሰከንድ ክፍልፋይ አያልፍም። ዛሬ ሌላ ክፍል ውስጥ፣ ከኬብልና ከስዊች (የኔትወርክ ኬብሎቹ የሚገናኙበት መሣሪያ) ማዶ ያለን የኔትወርክ ዲስክ መጠበቅም በዚያው ሒሳብ ይገባል፤ ያ ጥበቃ ሌሊቱን ሙሉ ሊዘልቅ ይችላል።

የእናንተም ችግር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ብዙዎቻችሁ ዘንድ ሰርቨሩ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየው መሣሪያ) ላይ ተሰክቷል፤ ባክአፑ (የመረጃችሁ ቅጂ) የሚቀመጥበት ሳጥን፣ ማለትም የኔትወርክ ዲስኩ፣ ወይም በመሃል ያለው ስዊች ግን በቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ ነው። መብራት ሲሄድ ሰርቨሩ ነቅቶ ይቆያል፣ ሳጥኑ ይጠፋል። መብራት ሲመጣ በራሱ የማይነሳ ዓይነት ከሆነ ሳጥኑ እንደጠፋ ያድራል። ሰርቨሩ ላይ ደግሞ በየ5 ደቂቃው “ዲስኩ ላይ ስንት ቦታ ቀረ?” እያለ የሚጠይቅ ትንሽ ፕሮግራም አለ። ሳጥኑ ከሌለ ጠይቆ መልስ ያጣና ይደርቃል። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሁለተኛው ይመጣል፣ እሱም ይደርቃል። በሰዓት 12 ሆኑ ማለት ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት 120 ይሆናሉ፤ ሎዱም 120 አካባቢ ያሳያል፣ ፕሮሰሰሩ ግን 99 በመቶ ሥራ ፈት ነው። (አዎ፣ ቁጥሩን የሚያንረው ጤንነቱን የሚከታተለው ፕሮግራም ራሱ ነው። እኛንም ፈገግ ያሰኘናል።)

በዚህ ጊዜ እባካችሁ ማጥፊያውን አትጫኑ። የኔትወርክ ዲስኩን የምናገናኘው “ሃርድ” በሚባለው መንገድ ነው፤ ሳጥኑ ቢጠፋ ሰርቨሩ ተስፋ ሳይቆርጥ እየደጋገመ ይጠይቃል፣ ሳጥኑ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። “ሶፍት” የሚባለው ሌላው መንገድ ጥቂት ሞክሮ ስህተት መልሶ ይተወዋል። በእሱ ብናገናኝ ሎዱ ያምርላችሁ ነበር፤ ነገር ግን በመጻፍ ላይ ያለ ፋይል ማንም ሳያውቅ ተበላሽቶ ሊቀር ይችላል። የሒሳብ መዝገብ ላይ ይህን አንደፍርም። አስቀያሚ ቁጥር ይሻለናል። ማጥፊያው በግድ ሲጫን ደግሞ ገና ወደ ዲስክ ያልወረደ የገባ ሒሳብ አብሮ ይሄዳል።

ማድረግ ያለባችሁ ሳጥኑን አብርቶ፣ የስዊቹን መብራት አይቶ መጠበቅ ብቻ ነው። ሲጠብቁ የነበሩት ፕሮሰሶች መልሳቸውን አግኝተው ይበተናሉ። ቁጥሩ ግን ወዲያው ዜሮ አይሆንም፤ ሁለተኛው ዙር ስልክ የሚመጣውም ለዚህ ነው። የምታዩዋቸው ሦስት ቁጥሮች የ1፣ የ5 እና የ15 ደቂቃ ይባላሉ እንጂ ተራ አማካይ አይደሉም፤ ያለፈውን እያደበዘዙ ይዘው የሚሄዱ ናቸው። ሁሉም ነገር ጸጥ ካለ ከ1 ደቂቃ በኋላ የመጀመሪያው ቁጥር ገና 37 በመቶው ላይ ነው፦ ከ120 ወደ 44። ሦስተኛው እዚያ የሚደርሰው ከ15 ደቂቃ በኋላ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ከሦስተኛው ካነሰ ነገሩ እየረገበ ነው፤ ከበለጠ እየባሰ ነው።

ማረጋገጥ የሚፈልግ ሠራተኛ ካላችሁ “ቶፕ” (top) የሚለውን ትእዛዝ ከፍቶ የፕሮሰሰሩን መስመር ይይ። “አይዲ” (id) የሚለው ሥራ ፈት ጊዜ ነው፣ “ደብሊው ኤ” (wa) ደግሞ ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ፣ ማንበብ ወይም መጻፍ የጀመሩ ፕሮሰሶች ግን ዲስክ ሲጠብቁ ያለፈው ጊዜ። ከዝርዝሩ የሁኔታ ዓምድ ላይ “ዲ” (D) የሚል የእንግሊዝኛ ፊደል ያለባቸው ፕሮሰሶች የደረቁት ናቸው። ቁጥራቸው ከሎዱ ጋር ተቀራራቢ ከሆነ ነገሩ ገብቷችኋል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር አደራ እንላለን። ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈት ነው ማለት ሁልጊዜ ሰላም ነው ማለት አይደለም። ሳጥኑም ስዊቹም በርተው፣ “ደብሊው ኤ” ከፍ ብሎ፣ “ዲ” ያለባቸው ፕሮሰሶች ከቀጠሉ፣ ሰርቨሩ ውስጥ ያለው ሃርድ ዲስክ ራሱ እየሞተ ሊሆን ይችላል። ያኔ ወዲያው ደውሉ፤ እሑድም ቢሆን።

ከዚህ ውጭ ያሉት ጥያቄዎች ቀላል ናቸው። ሎድ 4 ባለ 4 ኮር (በአንድ ጊዜ 4 ሥራ የሚሠራ) ፕሮሰሰር ላይ፣ ሁሉም የሚሠሩ ከሆኑ፣ ልክ የሞላ ማለት ነው እንጂ ከአቅም በላይ አይደለም። የቆዩ ሰርቨሮች ምንም ሳይሠሩ 0.00፣ 0.01፣ 0.05 ብለው ይቆማሉ፤ ያቺ 0.05 የማን ናት ላላችሁን፣ የማንም አይደለችም፣ በ2016 (እ.ኤ.አ.) የታረመ የማጠጋጋት ጉድለት ናት። ቀንም ሌትም 1.00 ላይ የቆመ ሎድ ብዙ ጊዜ ከአንድ የሃርድዌር ድራይቨር (ሲስተሙን ከመሣሪያው ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) ይመጣል፤ ስንመጣ እናየዋለን። ዊንዶውስ ላይ “ሲስተም አይድል ፕሮሰስ 97” ሲል ደግሞ ኮምፒውተሩን እየበላ ያለ ፕሮግራም አይደለም፤ 97 በመቶው ሥራ ፈት ነው ማለቱ ነው። እባካችሁ ሊዘጋው የሚሞክር አይኑር።

ከመጪው ወር መጀመሪያ አንስቶ በቴሌግራም የሚደርሳችሁ መልእክት ይቀየራል። ሎዱ ለብቻው አይላክም፤ ሥራ ፈት ጊዜው በመቶኛ፣ የደረቁት ፕሮሰሶች ብዛትና የሚጠብቁት ዲስክ የትኛው እንደሆነ አብሮ ይጻፋል። “የባክአፕ ሳጥኑ አይመልስም” የሚል መልእክት ካያችሁ ሄዳችሁ ሳጥኑን እዩ። የቦታ ጠያቂው ፕሮግራምም የፊተኛው ሳይመለስ ሁለተኛ እንዳይነሳ እናደርገዋለን። ለዚህ ተጨማሪ ክፍያ የለም።

በዚያው ሰሞን ቴክኒሻኖቻችን እየዞሩ ሳጥኑንና ስዊቹን ወደ ዩፒኤሱ ያዛውራሉ። ሁለቱም የሚስቡት ኃይል ትንሽ ነው፤ የሚያስፈልገን ዩፒኤሱ ላይ ሁለት ባዶ ሶኬት ነው። የአዳማን ሙቀት እናውቀዋለን፣ ይሁን እንጂ ከመምጣታችን በፊት ፋኑን ከዩፒኤሱ ንቀሉልን። ሌዘር ፕሪንተሩንም እንዲሁ።

ከሰላምታ ጋር
የጥገናና ክትትል ክፍል