ሞልቶ የሄደ ሳህን ሞልቶ እንዳይመለስ፦ የድጋፍ ጥሪ

ለግቢያችን ተማሪዎች፣ መምህራንና ሠራተኞች፤ ከዚሁ ተመርቃችሁ ለወጣችሁም፦

ከምሳ በኋላ በመመገቢያ አዳራሻችን የዕቃ ማጠቢያ መስኮት አጠገብ ጥቂት ደቂቃ የቆመ ሰው፣ እጁን ወደ ኪሱ መስደዱ አይቀርም። ጥጉ ብቻ የተገመጠ ዳቦ፣ ማንኪያ ያልነካው ሩዝ፣ ከሶፍትና ከፕላስቲክ ስኒ ጋር ተደባልቆ በርሜል ውስጥ ይገለበጣል። የምንገለብጠውም እኛው ነን።

በርሜሉ ቆሻሻ መጣያ ሲደርስ ነገሩ ይብሳል። አየር አጥቶ የሚበሰብስ ምግብ ሚቴን ያወጣል፤ ይህ ጋዝ በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 ጊዜ ያህል የበለጠ የማሞቅ ኃይል አለው። በተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ግምት እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም 1 ነጥብ 05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ባክኗል፤ ከዚህም 28 በመቶው የባከነው እንደ እኛ ባሉ መመገቢያዎችና በሌሎች የምግብ አገልግሎት ሰጪዎች ዘንድ ነው።

ይህን ብክነት ለመቀነስ በምታዋጡት ገንዘብ መጀመሪያ የምንገዛው ሚዛን ነው። ፖስተር ይቅደም ያሉ ነበሩ፤ ፖስተር ግን ወጥ ቤቱን ነገ ስንት ድስት እንደሚጣድ አይነግረውም። ወጥ ሠሪዎቻችን አብዝተው የሚሠሩት ግድ ስለሌላቸው አይደለም። ስንት ሰው እንደሚመጣ ሳያውቁ፣ የተራበ ተማሪ ፊት «አልቋል» ብሎ ከመቆም ማትረፍን ስለሚመርጡ ነው። ትርፍራፊው በየምግቡ ዓይነት በየቀኑ ከተመዘነ ግምታቸው ወደ ልኩ ይጠጋል። ከዚያ አነስ ያሉ ጭልፋዎች እንገዛለን። ያልጠገበ ይደገምለታል፤ ማንንም ልናስርብ አልተነሣንም።

ብዙውን ገንዘብ የሚወስዱት ትርፍራፊው ወደ ብስባሽ፣ ማለትም ወደ ተፈጥሮ ማዳበሪያ፣ የሚለወጥባቸው ሦስት ሣጥኖች ናቸው። አየር የሚያስገቡ፣ ክዳን ያላቸው፣ ከወጥ ቤቱ ራቅ ብለው የሚቆሙ ይሆናሉ። የምግብ ትርፍራፊ ብቻውን ከተከመረ ይሸታል፤ ከደረቅ ቅጠልና ከሰጋቱራ ጋር ሲደባለቅና በየጊዜው ሲገላበጥ ግን ውስጡ ይግላል። ጀርሞቹ እንዲሞቱ ሙቀቱ 55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ቀናት መቆየት ስላለበት፣ ዘንጉ ረጅም የሆነ ቴርሞሜትርም ያስፈልገናል። ብስባሹ ለግቢው ችግኞች ይውላል።

ገንዘብ የሌለው ሳንቃ፣ የሽቦ ወንፊት፣ አካፋ ወይም አንድ ጆንያ ሰጋቱራ ያምጣ። በሳምንት አንድ ሰዓት ብስባሽ የሚያገላብጥ ሰው ደግሞ ከሁሉም በላይ ቸግሮናል።

መዋጮውን ከምሳ በኋላ በአዳራሹ በር ላይ በደረሰኝ እንቀበላለን። የገባውና የወጣው ገንዘብ ከሳምንቱ የትርፍራፊ ክብደት ጋር እዚያው በር ላይ ይለጠፋል። ክብደቱ ካልቀነሰም ያንኑ እንለጥፋለን።