ካሊፐርህ እኔ ጋ ነው

ወንድምዓለም፣

እንደምን ከረምክ? ካሊፐርህ፣ ያ የውፍረት መለኪያው፣ ተገኘ። ጠፋ ያልኩህ ውሸት አልነበረም፤ ያኔ የምር ጠፍቶ ነበር። ባለፈው ሳምንት ከብየዳ ጓንቶቹ ሥር ብቅ አለ። ሳየው አፈርኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዴት ነህ ሳልልህ፣ ዛሬም የጻፍኩልህ ሲቸግረኝ ነው። በቃ፣ ይቅርታ። ቀሪውን ስድብ ስንገናኝ ትጨርሰዋለህ።

ሌላም አለ። ከብረት ቱቦ ልንሠራው ያሰብነውን ባለ አራት ጎማ ተሽከርካሪ ጀመርኩት። ያለ አንተ። አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። ሥዕሉን ስዘረጋው ጥጉ ላይ በአንተ እጅ «ይሄ አይታጠፍም» ተብሎ ተጽፏል። ልክ ነበርክ። አልታጠፈም።

የሆነው እንዲህ ነው። ባለ 12 ቶን ክሪክ የተገጠመለትን ማጠፊያ ተውሼ አመጣሁ። ቱቦውን ሁለት ሮለር ላይ አስደግፎ ከመሃል የሚገፋውን ማለቴ ነው። ለብቻዬ አንስቼ ጥግ ላይ አኖርኩት። «የሚፈለገው ይሄ ነው፣ ቦታ አይበላ!» ብዬ ፎከርኩ። ባለ 1 ኢንቹን ፎርማ፣ ቱቦው ገብቶ የሚታጠፍበትን ባለ ጉድጓድ ብረት፣ ገጠምኩ፣ ቱቦዬም 1 ኢንች ነው፣ ክሪኩን መምታት ጀመርኩ። ሠላሳ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። የውስጡ በኩል ተጨማደደ፣ ጎኑ ተጨፈለቀ። የረገጡት የፕላስቲክ ጠርሙስ መሰለልህ። ሌላ ቆርጬ ደገምኩ። ያው ነው። ሦስተኛውን ለምን እንደሞከርኩት አትጠይቀኝ።

ከዚያ በካሊፐርህ የፎርማውን ጉድጓድ ለካሁት። 33 ሚሊ አለፈ! የእኔ ቱቦ 25.4 ነው። ፎርማው የተሠራው ለቧንቧ ነዋ። 1 ኢንች የሚባለው ቧንቧ ውጩ ሲለካ 33.4 ሚሊ ነው፤ ቱቦ ግን የሚጠራው በራሱ በውጭ ልኩ ነው። ቱቦዬ ሰፊ ጉድጓድ ውስጥ ጎኑን የሚይዝለት አጥቶ ነው የተንጣለለው። ይሄን ስንት ጊዜ ነግረኸኛል? አትመልስልኝ።

የሦስት ሩብ ኢንቹ ፎርማ 26.7 ለሚሆን ቧንቧ ስለሆነ ይቀርባል። በእሱ ላይ ቱቦውን በደረቅ አሸዋ ጠቅጥቄ፣ ሁለቱንም ጫፍ ደፍኜ ሞከርኩ። የብየዳውን መስመርም እንደምትለው ወደ ጎን አዞርኩት፣ የማይሳብ የማይጨመቅ ቦታ ላይ። ተሻለ። ግን በካሊፐር ስይዘው አንድ በኩል 23፣ ሌላ በኩል 27 ተኩል። እንቁላል! ግድግዳው 1.5 ሚሊ ብቻ ለሆነ ቱቦ ይሄ መሣሪያ አይሆንም፤ ሌላ ሰው ቢከራከረኝም አልሰማውም።

ስለዚህ የሚጎትተውን ማጠፊያ ልገዛ ነው። ቱቦው ከፎርማው ጋር ተቆልፎ አብሮ የሚዞረውን፣ ከኋላ ደግሞ ተከታይ ብረት ጎኑን አቅፎ የሚይዝለትን። የመታጠፊያው ራዲየስ እስከ ቱቦው መሃል መስመር ሲለካ የቱቦው የውጭ ልክ ሦስት እጥፍ፣ ወደ 76 ሚሊ ይሁን ብያለሁ። ከዚያ ካነሰ ይጨማደድብኛል ብዬ ፈራሁ።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን ይሄ ነው። በእጅ የሚሠራው ርካሽ ነው፣ የሚሰበር ነገርም የለውም። ግን ረጅም ዘንግ ይዘህ ስትስበው ማሽኑ ራሱ ይከተልሃል። ወለሉ ላይ በብሎን መታሰር አለበት። ከታሰረ ደግሞ ተንቀሳቃሽነቱ ምኑ ላይ ነው? የእኔን ክፍል ታውቀዋለህ፤ ዘንጉ ሩብ ዙር ሳይሄድ ግድግዳ ይመታል። በሃይድሮሊክ የሚገፋው ጉልበቱ እዚያው በራሱ ፍሬም ውስጥ ያልቃል፣ ወለል አይለምንም፣ ጎማ ላይ አድርጌ በር ላይ አውጥቼ እሠራበታለሁ። ልቤ ወደ እሱ ነው። ኪሴ ግን አልተስማማም። ደግሞ ፎርማው ለየልኩ ለብቻው ነው የሚገዛው፤ ሦስት ልክ ካማረህ ከማሽኑ በላይ እሱ ያራቁትሃል። እኔ ለጊዜው በአንዱ ልክ እጸናለሁ። የምጸና ይመስልሃል?

በነገራችን ላይ፣ ዝም ያልኩት በዚያ ነገር ተቀይሜ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ተቀይሜ ነበር። አሁን ምክንያቱን ራሱ በደንብ አላስታውሰውም... ተወው።

ቱቦው ሲለቀቅ ሁለት ሦስት ዲግሪ ወደኋላ እንደሚመለስ ስለማውቅ ለዘጠና ትንሽ አሳልፌ ነው የማጥፈው። ርዝመቱን ግን ተሳስቻለሁ። ሁለቱን ጎን እስከ ጥጉ ለክቼ ደምሬ ቆረጥኩ። በ76 ራዲየስ ለእያንዳንዱ መታጠፊያ 33 ሚሊ ያህል ይተርፋል ለካ። መታጠፊያዎቹ ስድስት ናቸው፤ ትርፉን አንተ ደምረው። መርዘሙ ማጠሩን ይሻላል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ከመግዛቴ በፊት አንድ ቃል በለኝ፦ በእጅ ወይስ በሃይድሮሊክ? ከቻልክ ደግሞ ና። የመጀመሪያውን መታጠፊያ ሌላኛውን ጫፍ ይዘህልኝ ብናጥፈው ደስ ይለኛል። የአንተን ቱቦ አልቆረጥኩትም፣ የመሪውን ማለቴ ነው።

ካሊፐሩን አጽድቼ ዘይት ቀብቼዋለሁ። ማኅደሩ ግን አልተገኘም። እሱን ስትመጣ እነግርሃለሁ።

ያው እኔው ነኝ