«ደጋ ነን» ብሎ መተኛት አያዋጣም

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

በቢምቢ ንክሻ ስለሚተላለፈው፣ ትኩሳትና ብርቱ የመገጣጠሚያ ሕመም ስለሚያመጣው የቺኩንጉንያ ቫይረስ ያወጣችሁትን ዘገባ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ሻይ እየጠጣን አነበብነው። ጥሩ ነው። «አዲስ አበባ ደጋ ስለሆነች አያሰጋትም» የምትለዋ መስመር ግን አልተዋጠችልኝም። ፒያሳ አካባቢ የምሠራ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ።

ይህ ቫይረስ እንደነበረ የሚቀመጥ አይደለም። በከተሞች ዋና አጓጓዡ ኤዲስ ኢጂፕቲ የምትባለው ቢምቢ ናት። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በሕንድ ውቅያኖስ ያለችውን ሪዩኒየን ደሴትን ሲመታ ግን እዚያ የሞላችው እሷ ሳትሆን ዘመዷ ኤዲስ አልቦፒክተስ ነበረች። ታዲያ ቫይረሱ ምን ሆነ? በውጭ ሽፋኑ ላይ ካሉት ፕሮቲኖች በአንዱ፣ 226ኛው ቦታ ላይ ያለችው አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን ከሚገነባባቸው ቅንጣቶች አንዷ) አላኒን ከምትባለው ወደ ቫሊን ተቀየረች። በቃ፣ አንዲት ለውጥ! እሷም በአልቦፒክተስ ሆድ ውስጥ እንደልቡ እንዲራባ አደረገችው። ከደሴቲቱ ነዋሪ ሲሶው ታመመ። እኔን የሚገርመኝ ደግሞ ይኸው ለውጥ በሕንድም በመካከለኛው አፍሪካም ለየብቻው መከሰቱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2007 ከሕንድ የመጣ አንድ ሰው ቫይረሱን ይዞ ሰሜን ጣሊያን ገባ። ከ200 በላይ ሰው ታመመ። በብርዱ ወራት በረዶ የሚጥልበት አገር ነው እንግዲህ፤ አልቦፒክተስ ብርድ ትችላለች።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ በ2011 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋ ላይ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው በቺኩንጉንያ ተይዟል። እዚያ ሥራውን የሠራችው ኢጂፕቲ ናት፤ በበርሜልና በጀሪካን በተጠራቀመ ውሃ የምትፈለፈለው፣ ቀን ቀን የምትናከሰው። ደግነቱ የአዲስ አበባ ብርድ ለእሷ አይመቻትም። ነገ እዚህ ወረርሽኝ ይነሳል እያልኩ አይደለም።

የእኔ ስጋት ሌላ ነው። ድሬ ላይ የተነከሰ ሰው ሕመሙ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት እስከ ሰባት ቀን ቆይቶ ነው። አውቶቡሱ ግን በአንድ ቀን መስቀል አደባባይ ያደርሰዋል። በቅርቡ አንድ ከድሬ የመጣ ታካሚ ደም ልቀዳለት ክንዱን አስሬ «ጨብጥልኝ» ስለው ጣቶቹ አልታጠፍ አሉ። ትኩሳቱ ያቃጥላል። ወባው ኔጌቲቭ ወጣ። ከዚያ እንደተለመደው ታይፎይድና ታይፈስ ታዘዘለት፤ እንደተለመደውም ትንሽ ፖዘቲቭ አሳየ። አንቲባዮቲኩን ይዞ ሄደ። ከየት እንደመጣ የጠየቀው አልነበረም፤ እኔም የሰማሁት በወሬ መሃል ነው። ቺኩንጉንያ ይሁን ዴንጊ (በዚያችው ቢምቢ የሚተላለፍ ሌላ የቫይረስ ትኩሳት) ሳይታወቅ ቀረ። ዴንጊ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ለሕመሙ ብሎ የሚውጠው አስፕሪን ወይም አይቡፕሮፌን ለደም መፍሰስ ያጋልጠው ነበር። ዴንጊ አለመሆኑ እስኪረጋገጥ የሚመከረው ፓራሲታሞል ነው።

ቫይረሱ ምን ያህል እንደተቀየረ የሚታወቀው እኮ ከእንዲህ ዓይነቱ ሰው ደም ነው። የቫይረሱን ዘረመል በሚፈልገው የፒሲአር ምርመራ የሚገኘው ሕመሙ በጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ ከዚያ በኋላ ሰውነት የሠራበትን ፀረ እንግዳ አካል እንጂ ቫይረሱን ራሱን ማግኘት ይከብዳል። ቫይረሱ ካልተገኘ ደግሞ ዘረመሉ አይነበብም፤ 226ኛው ቦታ ላይ ምን እንዳለ ማንም አያውቅም።

ስለዚህ ጉዳዩን ድጋሚ ስታነሱት አንድ ነገር ጨምሩልን። ወባው ኔጌቲቭ የሆነ፣ ከቆላ የመጣ ትኩሳተኛ ሲያጋጥመን ናሙናውን ለማን፣ በምን መልኩ፣ በስንት ቀን ውስጥ እንደምንልክ ከሚመለከተው አካል ጠይቃችሁ ከነስልኩ አትሙት። ግድግዳችን ላይ እንለጥፈዋለን።

አንድ የላብራቶሪ ባለሙያ
ከፒያሳ፣ አዲስ አበባ