ለእማዬ፦ ስለ ፍቅር ኮሜዲና ስለ መቶ አለቃው

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጆቹን ሳል ይዟቸው ነበር፣ አሁን ተሽሏቸዋል። ይህን በስልክ ልነግርሽ እችል ነበር፤ ግን አንቺ ስልክሽን ስፒከር ላይ አድርገሽ ነው የምታወሪው፣ ግማሹ ብሎክ ይሰማኛል። የካ አባዶ ስመጣ ደግሞ እህቴ አለች፣ ቡና ጠጪው አለ፣ የጎረቤት ልጅ ይገባል ይወጣል። ስለዚህ በወረቀት አደረግሁት። መነጽርሽን አድርጊና ብቻሽን አንብቢው።

ቅዳሜ ለት ፊልሙ መሐል መብራት ሲጠፋ የጠየቅሽኝን ሳልመልስልሽ ነው የሄድኩት። «እነዚህ ሰዎች እስካሁን ካልተጋቡ ይህን ሁሉ ዓመት ምን ሲሠሩ ነበር?» ነው ያልሽው። እህቴ ሳቀች። እኔ ግን መንገዱን ሙሉ እሱኑ ሳስብ ሄድኩ። ፊልም ኤዲት እያደረግሁ ነው እንጀራ የምበላው፣ ስለ ፍቅር ፊልም እንዲህ ቁልጭ አድርጎ የጠየቀኝ ዳይሬክተር ግን የለም።

ያየነው «ዌን ሃሪ ሜት ሳሊ» ይባላል፤ በፈረንጅ 1989 የወጣ ነው። ጽሑፉ የኖራ ኤፍሮን፣ ዝግጅቱ የሮብ ራይነር ነው። ልጁና ልጅቷ ትምህርታቸውን ጨርሰው ከቺካጎ ወደ ኒው ዮርክ በአንድ መኪና ይሄዳሉ፤ ወንድና ሴት ጓደኛ መሆን ይችላሉ አይችሉም እያሉ መንገዱን ሙሉ ይጨቃጨቃሉ፤ ሲደርሱም ሳይዋደዱ ይለያያሉ። ከአምስት ዓመት በኋላ አውሮፕላን ላይ ይገናኛሉ፣ አሁንም አይዋደዱም። ሌላ አምስት ዓመት አልፎ ሁለቱም ልባቸው ተሰብሮ መጻሕፍት መደብር ውስጥ ሲተያዩ ነው ወዳጅነቱ የሚጀምረው። ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው አሥራ ሁለት ዓመት ነው። እንግዲህ ምን ሲሠሩ ነበር ላልሽው መልሱ፦ ሲያወሩ። ሌላ ምንም አልሠሩም።

አንቺ የሳቅሽበትን ቦታ አስታውሺ። እሱም በአልጋው፣ እሷም በአልጋዋ፣ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርገው በየቤታቸው አንድ ዓይነት የድሮ ፊልም ያያሉ፤ ስክሪኑ ለሁለት ተከፍሏል። «ስልኩ አይቆጥርባቸውም?» አልሽ። እኔ ደግሞ በሙያዬ ልንገርሽ፦ ፕሮዲዩሰር መጀመሪያ «ቁረጠው» የሚለኝ እንዲህ ያለውን ነው። «ወሬ ነው፣ ረዘመ፣ ተመልካች ይሰለቻል» ይላል። በእኛ አገር ፊልም በወሬው ፈንታ ምን እንደሚገባ ታውቂዋለሽ፤ ዘፈን ይገባል። ልጁና ልጅቷ እንጦጦ ላይ ፈረስ ይቀመጣሉ፣ ቢሾፍቱ ሐይቁ ዳር አይስክሬም ይላላሳሉ፣ እሷ ታመልጣለች፣ እሱ ያባርራል፤ ዘፈኑ ሲያልቅ ተዋደዋል። ምን ተባባሉ? አይታወቅም። እሱ ስኳር በሻይ ይበዛበት ወይ፣ እሷ እናቷን ትፈራ ወይ፣ ማንም አልነገረንም። አንቺ በወጣትነትሽ ከአክስቴ ጋር ሲኒማ ራስ ያየሻቸው የህንድ ፊልሞችም ዘፈን ነበራቸው፤ ግን እዚያ ቢያንስ ዘፈኑ ሲያልቅ አባትየው ዱላ ይዞ ይመጣ ነበር።

ሌላው የማደንቅልሽ ትችት የፊልሞቻችንን የቦሌ ሩጫ ነው። ልጅቷ ውጭ አገር ልትሄድ ነው፣ ልጁ ታክሲ ውስጥ ላብ በላብ ሆኖ አውሮፕላን ማረፊያ ሊደርስባት ይጣደፋል፤ አንቺ ከሶፋው ላይ «ለምን አይደውልላትም?» ትያለሽ። እውነትሽን ነው፣ ሞባይል የፍቅር ኮሜዲን ጉድ ሠርቶታል። ድሮ ፍቅረኞችን የሚለያየው እውነተኛ ነገር ነበር፦ ርቀት፣ ቤተሰብ፣ ሀብት፣ ይሉኝታ። ዛሬ አንድ ደቂቃ ቢያወሩ የሚፈታውን አለመግባባት ሁለት ሰዓት ለማስቀጠል ስክሪፕት ጸሐፊው ይጨነቃል፤ ስልኩን ሽንት ቤት ይጥለዋል፣ ባትሪ ይጨርስበታል።

የዚህ ዓይነት ፊልም አያት አለው፣ እሱን ሳላሳይሽ መቅረቴ ይቆጨኛል። በፈረንጅ 1934 የወጣ፣ «ኢት ሃፕንድ ዋን ናይት» የሚባል፣ የፍራንክ ካፕራ ሥራ። በምርጥ ፊልም፣ በምርጥ ዳይሬክተር፣ በተዋናይ፣ በተዋናይትና በጽሑፍ አምስቱንም ዋና ዋና ኦስካሮች አንድ ላይ በመውሰድ የመጀመሪያው ነው። የሚጀምረው በአውቶቡስ ወንበር ፀብ ነው። የሀብታም ልጅ ከአባቷ ጠፍታ ከማያሚ ወደ ኒው ዮርክ ስትሄድ፣ ሥራውን ያጣ ጋዜጠኛ ለራሱ ያስለቀቀውን ወንበር ትይዝበታለች። አንቺ ከመርካቶ ስትመለሺ በየቀኑ የምታይው ፀብ ነው እንጂ ሌላ አይደለም።

ከዚያ መንገድ ላይ ያመሻሉ። ገንዘብ የላቸውም፣ አንድ ክፍል ብቻ ነው ያለው። ሰውዬው ምን ያደርጋል መሰለሽ? በሁለቱ አልጋዎች መካከል ገመድ ይወጥርና ብርድ ልብስ ይሰቅልበታል። ስሙንም «የኢያሪኮ ግንብ» ይለዋል። ሁለቱም ከግንቡ ወዲህና ወዲያ ተኝተው ያወራሉ። መጽሐፈ ኢያሱን በቃልሽ የምታውቂ ሰው ስለሆንሽ መጨረሻውን ገምተሽዋል፦ መለከት ይነፋል፣ ብርድ ልብሱ ይወርዳል፣ እኛ ግን ውጭ ቆመን ነው የምንሰማው። በዚያው ዓመት አጋማሽ ላይ በሆሊውድ ሳንሱሩ ጠብቆ፣ ለረጅም ዘመን ባልና ሚስት እንኳ በየአልጋቸው ሲተኙ ብቻ የሚታዩበት ጊዜ መጣ። ጸሐፊዎቹ ታዲያ ሁሉንም ነገር በንግግር ላይ ጣሉት፣ ንግግሩም ተሞረደ።

እኔን የሚገርመኝ ግን ብርድ ልብሱ አይደለም፣ ካሮቱ ነው። መንገድ ላይ ርቧቸው ሰውዬው ከእርሻ ጥሬ ካሮት ነቅሎ ያመጣል። እሷ ባለጠጋ ናት፣ ጥሬ ካሮት አትበላም፣ አፍንጫዋን ትነፋለች። በኋላ ላይ ዝም ብላ አንዱን ታነሳና ትበላለች። «እወድሃለሁ» የለም፣ ሙዚቃ የለም። እኔ የዚህ ፊልም ኤዲተር ብሆን ኖሮ ፊልሙን ሁሉ ቆርጬ እሷን ሾት እተዋት ነበር።

እንግዲህ እማዬ፣ አሁን ወደ መጣሁበት ልግባ። አትቆጪ።

ወደ ኮንዶሚኒየሙ የገባሽ ሰሞን የሆነውን ከማንም በላይ አንቺ ታስታውሻለሽ። ከካዛንቺስ ግቢያችን ተነስተሽ ወደዚያ ስትሄጂ፣ በርበሬ የሚሰጣበት ግቢ የለም ብለሽ ኮሪደሩ ላይ ዘረጋሽው። የፊት ለፊቱ መቶ አለቃ እያስነጠሱ ወጡና «ወይዘሮ፣ ይህ ኮሪደር የጋራ ነው!» አሉሽ። አንቺም ቀና ሳትዪ «እንግዲያው ማስነጠሱም የጋራ ይሁና» አልሻቸው። እስከ ፋሲካ አልተነጋገራችሁም። እኔ ይህን ለሥራ ባልደረቦቼ ስነግራቸው አንዱ ስክሪፕት ጸሐፊ «ሽጥልኝ» ብሎኛል።

ከዚያ የውሃው ፈረቃ መጣ። ውሃው የሚመጣው ሌሊት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ተኝቶ ያመልጠዋል። መቶ አለቃው የሠራዊት እንቅልፍ ነው ያላቸው፣ ቧንቧው ሲያጉረመርም ይነቃሉ። በርሽን ሦስት ጊዜ ያንኳኳሉ፣ «ውሃ!» ይላሉ፣ ይሄዳሉ። ሌላ ቃል የለም። አንቺ ተነስተሽ በርሜሉን ትሞያለሽ። ቆየት ብሎ አንድ ቀን ስመጣ የሳቸው ኩሽና መስኮት ላይ ያንቺን የበርበሬ ብልቃጥ አየሁት፤ አረንጓዴ ክዳኑን የት ብሄድ አውቀዋለሁ። ያን ሁሉ ያስነጠሰ ሰው በርበሬሽን ይበላል። ካሮቱ ይኸው ነው።

ከዚያ ወዲህ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለሺ ቡናው ላይ አሉ፤ ሬዲዮ የሰሙትን ይነግሩሻል፣ አንቺ ትከራከሪያቸዋለሽ። እህቴ እንደምትለው ከሆነ ባንድ ቀን ውስጥ ለኛ በወር ከምታወሪው በላይ ታወሪያቸዋለሽ። እሰየው።

ቅዳሜ ስመጣ ግን በርሜሉ ባዶ ነበር። ባዶ፣ ታችኛው ላይ ዝገት የታየበት። ጀሪካን በሰው እያስቀዳሽ መሆኑን እህቴ ነገረችኝ። እንደ ምንም ጨቅጭቄ ምክንያቱን አወጣሁባት፦ ከዕድር ሴቶች አንዷ አንድ ነገር ተናገረች፣ ታላቅ ወንድሜም በስልክ «ሰው ምን ይላል» አለሽ፣ አንቺም ለመቶ አለቃው «ከእንግዲህ አይቸገሩ፣ ልጆቼ አሉልኝ» አልሻቸው። እሳቸው ወታደር ናቸው፣ አይቸገሩ ሲባሉ አይቸገሩም።

እማዬ፣ ልጆችሽ አለንልሽ። ግን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ማናችንም የካ አባዶ አይደለንም።

የፈራሽው ገብቶኛል። ወዳጅነት ከተባለ ቀጥሎ ሌላ ነገር መምጣት አለበት፣ ካልመጣም መቆም አለበት ብለሽ ነው። ይህን ያስተማሩን ፊልሞቹ ናቸው። ነገር ግን ቅዳሜ ያላየሽውን መጨረሻ ልንገርሽ፦ ይጋባሉ። ኤፍሮን መጀመሪያ የጻፈችው ግን እንዲህ አልነበረም፤ ሁለቱ ሳይጋቡ ነበር የሚያልቀው። ራይነር በቀረጻው ወቅት ኋላ ያገባትን ሴት ተዋወቀና መጨረሻው ተቀየረ። አየሽ፣ ዳይሬክተሩ ፍቅር ስለያዘው ነው የተጋቡት፤ ባይይዘው ኖሮ ያው ጓደኛሞች ሆነው ይቀሩ ነበር፣ ያሳለፉት ዓመትም ያው ነበር። በፈረንጅ 1997 የወጣ ሌላም አለ፣ «ማይ ቤስት ፍሬንድስ ዌዲንግ» የሚባል። ሴትየዋ የምትወደው ጓደኛዋ ሌላ ያገባል፣ እሷ ሰርጉ ላይ ብቻዋን ትቀመጣለች፤ መጨረሻ ላይ የሚመጣው ባል የሚሆናት ሰው ሳይሆን ሌላ ወንድ ጓደኛዋ ነው፣ ከሱ ጋር ትጨፍራለች። ይህንንም የጨመሩት ፊልሙን አስቀድመው ያዩ ተመልካቾች የመጀመሪያውን መጨረሻ ስላልወደዱት ነው። ሕዝቡ ራሱ ነው ጓደኛውን ያስመጣው።

ስለዚህ ከሁለት አንዱን ምረጪ ያለሽ የለም። ቡና መጠጣት ብቻ ከሆነ ቡና ጠጡ። ሌላ ነገር ከሆነም የነፍስ አባትሽ አሉ፣ አማክሪያቸው፤ እኔን ማስፈቀድ የለብሽም፣ ካስፈለገሽ ግን ፈቅጃለሁ፣ ይኸው በጽሑፍ።

አባባን ነፍሱን ይማረውና፣ ከሱ ጋር ያላችሁ ነገር የፊልም ተቃራኒ ነበር። እነሱ የሚያልቁበት ሰርግ ላይ ነው እናንተ የጀመራችሁት። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቤተሰብ ተስማምቶ፣ ፊቱን በቅጡ ያየሽው ከሰርጉ በኋላ እንደሆነ ነግረሽኛል። ወዳጅነቱን የሠራችሁት ከዚያ በኋላ ነው፦ እሱ አዲስ ዘመንን ጮክ ብሎ እያነበበ፣ አንቺ ምስር እየለቀምሽ «ውሸት ነው፣ እለፈው» እያልሽ። እኛ ልጆች በዚያ ድምፅ ነው የተኛነው። ቅዳሜ ያየነው ፊልም ውስጥ ሶፋ ላይ ተቀምጠው እንዴት እንደተገናኙ የሚያወሩትን ሽማግሌና አሮጊቶች ከሁሉም በላይ የወደድሻቸው ለዚህ ይመስለኛል። ተዋንያን ናቸው፣ ታሪኩ ግን ከእውነተኛ ሰዎች የተሰበሰበ ነው። መቶ አለቃው የአባባን ቦታ እየወሰዱ እንዳልሆነ የሚያውቅ ልጅ ቢኖር እኔ ነኝ፤ አባባ ውሃ ሲመጣ ፈጽሞ አይነቃም ነበር።

ታላቅ ወንድሜን ለኔ ተይው፣ አነጋግረዋለሁ። እሱ የሚፈራው አንቺን ሳይሆን የሚስቱን ዘመዶች ነው። የዕድሯን ሴትዮ ግን አልችላትም፣ እሷን አንቺው ትመልሻታለሽ፤ በማስነጠሱ ላይ የመለስሽው ዓይነት አንድ ይበቃታል።

መቶ አለቃውን በየትኛው ቋንቋ መልሰሽ እንደምትጠሪያቸው አላውቅም። እኔ ብሆን ብልቃጧ ማለቋ አይቀርም፣ አዲስ ሞልቼ እልክ ነበር። ከልጅ እጅ አይደለም፣ ራስሽ አንኳኪ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እመጣለሁ። የበርሜሉ ክዳን ተሰንጥቋል፣ አዲስ ገዝቼ አመጣለሁ፤ የአፉን ስፋት በክር ለኪና ክሩን በእህቴ ላኪልኝ። የጉልበትሽን ቅባትም እንዳልረሳ አስታውሺኝ።

ልጅሽ