ለእማዬ፣ ከፓቲያላ

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ባለፈው እሁድ ስንደዋወል ቅር እንዳለሽ ድምፅሽ ያስታውቅ ነበር። ቆይተሽ ቆይተሽ «የሌላ ሃይማኖት ቤት ገብታ በላች አሉ» አልሽኝ። ወንድሜ ፎቶውን እንዳሳየሽ ገባኝ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ በወጉ ሳልመልስልሽ ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ስለነሳኝ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ አልኩ። አዎ እማዬ፣ ገብቻለሁ። በልቻለሁም። ማተቤ ግን አንገቴ ላይ ነው። ጾሜንም አልሻርኩም።

ያለሁበት የህንዱ ፑንጃብ የሲኮች አገር ነው። እነዚያ ጥምጣም የሚያስሩት፣ ፀጉራቸውንም ጢማቸውንም የማይቆረጡት። ቤተ አምልኳቸው ጉርድዋራ ይባላል። እዚሁ ፓቲያላ ውስጥ ዱክ ኒቫራን ሳሂብ የሚሉት አለ፤ መከራን የሚያርቅ እንደ ማለት ነው። ሰፊ የውሃ ገንዳ አለው። የታመመ ሁሉ እድናለሁ ብሎ ይታጠብበታል። እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው በደረጃው ሲወርዱ ሳይ፣ በልጅነቴ አዝለሽ ጸበል የወሰድሽኝ ጠዋት ትዝ አለኝ።

ፎቶው ግን አምሪትሳር በምትባል ሌላ ከተማ ያለው ጉርድዋራ ነው። ሐርማንዲር ሳሂብ ይባላል፤ በወርቅ የተለበጠ ቤት ውሃ መሀል ተቀምጦ። በአራቱም አቅጣጫ በር አለው፤ ከየትም የመጣ ይግባ ለማለት ነው ይላሉ። ጫማ ይወልቃል፣ እግር ይታጠባል፣ ራስ ይሸፈናል። መሸፈኛ ላልያዘ በር ላይ ጨርቅ ይሰጡታል። እኔ ሻንጣዬ ውስጥ የከተትሽልኝን ነጠላ ተከናንቤ ነበር። አንዲት አሮጊት መጥተው ጥለቱን በጣታቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉ። ከዚያ እጄን ይዘው ወደ መብል ቤቱ ወሰዱኝ።

ምግቡ በነፃ ነው። ላንጋር ይሉታል። የሃይማኖቱ መሥራች ጉሩ ናናክ ከጀመሩት 500 ዓመት ገደማ ሆኖታል። ቀንም ሌሊትም አይዘጋም፤ በቀን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ይበላል። ስምህ ማን ነው፣ ሃይማኖትህስ የሚል የለም። ሁሉም መሬት ላይ በረድፍ ይቀመጣል። ድሮ የሙጋሎቹ ንጉሥ አክባር እንኳ ከሲክ መሪዎች አንዱን ሊጎበኙ ሲመጡ ከድሃው ጋር መሬት ተቀምጠው በሉ እያሉ ያወራሉ። ሽንኩርት የሚልጠው፣ ሳህን የሚያጥበው አብዛኛው ሰው በፈቃዱ የመጣ ነው። ቂጣ የሚያድለው ልጅ ሲደርስ ሳላስበው ሁለት እጄን ዘረጋሁ። ከጎኔ የነበረው ቱሪስት በአንድ እጁ ሊቀበል ሲል፣ አሮጊቷ ሁለቱን እጆቹን ይዘው አጋጠሙለት። ወደኔ ዞር ብለውም ራሳቸውን ነቀነቁ። እማዬ፣ በአንድ እጄ እየተቀበልኩ ስንቴ ቆንጥጠሽኛል? ያን ቀን ተመርቀሻል።

አንድ ነገር ልንገርሽና ልብሽ ይረፍ። ቤተ መቅደሱ ጋ ከዱቄት፣ ከቅቤና ከስኳር የተሠራ ጣፋጭ ያድላሉ። እሱ የተባረከ ነው። እሱን እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ ጎንበስ ብዬ አለፍኩት። የሚያድሉት ሽማግሌ ፈገግ አሉ፤ ቅር አላላቸውም።

ከጎኔ ያለውን ክፍል የተከራየችው የካሽሚር ልጅ ደግሞ ሙስሊም ናት። ረመዳን ሲሆን ለማፍጠሪያ ትጠራኛለች። ሥጋ ያለበትን ሳህን ራሷ ዞር አድርጋ ቴምሩን ወደኔ ትገፋለች። የነገርኳት አንዴ ብቻ ነው። ደሴ ላደገ ሰው ይሄ ምኑ ያስገርማል? ለሠርግ የክርስቲያኑ፣ የእስላሙ እየተባለ ለየብቻ ይታረድ የለ?

ያስገረሙኝ ቢጂ ናቸው። የቤት አከራዬ። ቢጂ እንደኛ «እማማ» ነው። ሁዳዴ ሊገባ ሲል ቅቤ እንደማልበላ ነገርኳቸው። ደነገጡ። ፑንጃብ ያለ ቅቤና ያለ ወተት ሰው የሚያድር አይመስለውም።

«ወተትስ?»

«አልጠጣም።»

«እርጎስ?»

«እሱም አይሆንም።»

«ስንት ቀን?»

«ሃምሳ አምስት።»

ዝም ብለው ተነሡ። ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ካላንደር ሄደው በጣታቸው እየቆጠሩ አንዷን ቀን በእርሳስ አከበቧት። ከማግስቱ ጀምሮ አንዲት ትንሽ ድስት ለብቻዋ ወጣች። ምስሬ በሰናፍጭ ዘይት ይሠራል። ምራቷ የቅቤውን ማንኪያ እዚያ ድስት ውስጥ ልትነክር ስትል እጇን መቱባት!

ፋሲካ ደረሰ። እዚህ ቤተ ክርስቲያናችን የለም፤ እኛ ልጆቹ አንድ ክፍል ተሰብስበን ቅዳሴውን በስልክ ተከታተልን። ቤት ስመለስ ሊነጋጋ ነበር። የቢጂ ወጥ ቤት መብራቱ በርቷል። ፓራታ የሚሉትን ቂጣቸውን ጋግረው፣ ትኩስ ነጭ ቅቤ ከላይ ጭነውበት ይጠብቁኛል። «ካ ሌ፣ ፑት» አሉኝ፤ ብዪ ልጄ ማለት ነው። ልክ አንቺ አፈር ስሆን ስትዪ የሚሆነው ፊት። እንባዬ መጣ።

እማዬ፣ ተማሪ ሳለሽ ሒሳብ ስላስተማሩሽ ህንዳዊ ያጫወትሽኝ ትዝ ይልሻል? በጃንሆይ ጊዜ አገሩን ሁሉ ያስተማሩ ከነበሩት አንዱ። ሥጋ አይበሉም ብላ አያቴ በዓል በመጣ ቁጥር ለእሳቸው ብቻ ሽሮ ትሠራ ነበር ብለሽኛል። ያን ታሪክ ለቢጂ ነገርኳቸው። ሁለቴ አስደገሙኝ። ከዚያ አያቴ በሕይወት አለች ወይ ብለው ጠየቁኝ።

በሚቀጥለው ወር አንድ ልጅ ከአዲስ አበባ ይመጣል። እባክሽ ለቢጂ አንድ ነጠላ ግዥልኝ፤ ጥለቱ ሰማያዊ ይሁን። ቁመታቸው ካንቺ ትንሽ አጠር ይላል።

ናፋቂ ልጅሽ