ችግኙ ከነፕላስቲኩ ሲቀበር

ክቡር አዘጋጅ፣

ስለ አየር ንብረት ለውጥ የሚሰጡ ሕዝባዊ ንግግሮች ብዙውን ጊዜ «ዛፍ እንትከል» በሚል ጥሪ ያበቃሉ። አረንጓዴ አሻራ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ጥሪው ለማንም አዲስ አይደለም። የጎደለው ስለ አተካከሉ የሚነገረው ነው፤ ተናጋሪዎች አሥር ደቂቃ ቢሰጡት ብዙ ችግኝ ከሞት ይተርፋል።

ጉድጓዱ ክረምቱ ሳይገባ፣ ከአንድ ወር በፊት፣ ጎኑም ጥልቀቱም 40 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ይቆፈር። የላዩ ለም አፈር ለብቻ ይቀመጥና ሲተከል መጀመሪያ እሱ ይመለስ።

ትልቁ ጥፋት ፕላስቲኩ ላይ ነው። ከነፕላስቲኩ የተቀበረ ችግኝ ሥሩ መውጫ አጥቶ እዚያው ይጠማዘዛል፤ ክረምቱን ለምልሞ ይከርምና በጋው ሲበረታ ይደርቃል። በዚህ ምክንያት የሚባክነው ጉልበት ያሳዝናል። ፕላስቲኩ ከጎኑ በምላጭ ተሰንጥቆ፣ አፈሩ ሳይፈርስ ይውለቅ፤ ከታች የተጠቀለለ ሥር ካለ ይቆረጥ። ከዚያ ዙሪያው በእግር ጠበቅ ይደረግ፤ ክፍተት ከቀረ ሥሩን አየር ያደርቀዋል።

ተከላው ሐምሌ ውስጥ ቢያልቅ ይመረጣል። በተለይ ቀስ ብለው የሚያድጉት ጽድና ወይራ በነሐሴ መጨረሻ ከተተከሉ ሥር ሳይሰዱ ዝናቡ ያልቅባቸዋል። ከብት የሚሰማራበት ቦታ ደግሞ አስቀድሞ ይታጠር።

የደን ባለሙያዎች፣ ከአዲስ አበባ